የሰርቨር ዲስክ ፈርምዌር አፕዴት፦ ከናፍጣው እስከ መጨረሻው ሪስታርት

አዳማ ውስጥ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ሁለት ጠላት አለው። አቧራና ሙቀት። ዲስክ ሲሞት መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ጥርጣሬው ልክ ነው። ግን ክፍሉ ቀዝቅዞ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ዲስኩም አንድ ምልክት ሳያሳይ ድንገት ጭጭ የሚልበት ሌላ መንገድ አለ። ፈርምዌሩ።

ፈርምዌር ዲስኩ ውስጥ የተቀመጠ፣ ዲስኩን የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። ዳታው የት እንደሚጻፍ የሚወስነው፣ የተበላሸ ቦታ ሲያገኝ የሚዘለው፣ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚቆጥረው እሱ ነው። ሰርቨሩ ሲገዛ የነበረው ፈርምዌር፣ አስቦበት የሚቀይረው ሰው ከሌለ፣ ሰርቨሩ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ይኖራል።

ታዲያ ምን ችግር አለው? በኅዳር 2012 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2019፣ የሰርቨር አምራቹ ኤችፒኢ ለደንበኞቹ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። አንዳንድ የሳስ ኤስኤስዲዎቹ (ሳስ በሚባለው የሰርቨር ማገናኛ የሚሠሩ፣ የሚሽከረከር ክፍል የሌላቸው ዲስኮች) ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ ይሞታሉ። ከሞቱ በኋላ ዲስኩም ዳታውም አይመለስም። መዳኛው ኤችፒዲ8 የተባለውን ፈርምዌር ቀድሞ መጫን ነው። ፕሮግራም የሞካከረ ሰው ቁጥሩን ሲያይ ፈገግ ይላል። ምልክት ያለው ባለ 16 ቢት ቆጣሪ ከ32,767 በላይ መቁጠር አይችልም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ ሌላ መጣ፤ ይሄኛው በ40,000 ሰዓት የሚሞት።

በእኛ አቆጣጠር እናስላው። 32,768 ሰዓት ማለት 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። ማክሰኞ መስከረም 5 ቀን 2013 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የበራና ያልጠፋ ሰርቨር፣ ማክሰኞ ሰኔ 4 ቀን 2016 ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ሒሳብ ሲዘጋ ማለት ነው። ሰኔ ውስጥ!

«ሬይድ አለን እኮ» የሚል አይጠፋም። ሬይድ ብዙ ዲስክ አጣምሮ፣ አንዱ ቢሞት ዳታው እንዳይጠፋ የሚያደርግ አሠራር ነው። የሚያድነው ግን ዲስኮቹ በተለያየ ቀን ሲሞቱ ነው። እኛ ጋ ሰርቨር የሚገዛው በጨረታ ነው። ስምንቱም ዲስክ አንድ ላይ ይመጣል፣ በአንድ ቀን ይገጠማል፣ በአንድ ደቂቃ ይበራል። ሰዓታቸውን እኩል ይቆጥራሉ። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ሲሞት ይችላል፣ ሬይድ 6 ሁለት። ስምንቱም በአንድ ከሰዓት ሲሄዱ የሚችል ሬይድ የለም።

በሌላ በኩል አፕዴት በመጣ ቁጥር መሮጥም አያዋጣም። በጥር 2001 ዓ.ም ሲጌት ባራኩዳ 7200.11 በተባሉ ዲስኮቹ ላይ ለታየ ችግር ማስተካከያ ፈርምዌር አወጣ። ያ ማስተካከያ ባለ 500 ጊጋባይቶቹን ዲስኮች ራሱ ጣላቸው፤ ኩባንያውም መልሶ ሰበሰበው። እኔ የያዝኩት መንገድ ይሄ ነው፦ አምራቹ «አስቸኳይ» ወይም «ክሪቲካል» ካለው በዚያው ሳምንት። «ይመከራል» ካለው ጥቂት ሳምንት ጠብቄ። «አማራጭ» ከሆነና የተገለጸው ችግር እኔ ጋ ከሌለ፣ አልነካውም።

መጀመሪያ መዝገብ

ሥራው የሚጀምረው ኤክሴል ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ መስመር ክፈቱ፦ የገባበት ቀዳዳ ቁጥር፣ ሞዴል፣ ሲሪያል ቁጥር፣ የፈርምዌር ቨርዥን፣ የሠራበት ሰዓት። የሰርቨሩን ሰርቪስ ታግ (ዴል ለሰርቨሩ የሚሰጠው መለያ) ወይም ሲሪያልም ጻፉ፤ ዳውንሎድ ስታደርጉ እሱን ነው የምትጠየቁት።

ዴል ከሆነ አይድራክ (ሰርቨሩን ከርቀት የሚቆጣጠሩበት የዴል መሣሪያ) ውስጥ ስቶሬጅ የሚለው ገጽ አብዛኛውን ይነግራችኋል። ኤችፒኢ ከሆነ አይሎ የሚባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ ተመልከቱ። የሠራበትን ሰዓት ግን ሁልጊዜ እዚያ አታገኙትም። ሊኑክስ ላይ ስማርትሲቲኤል የሚባለው መሣሪያ ያወጣዋል። ሳታ በሚባለው ማገናኛ ለሚሠራ ዲስክ ባሕርይ ቁጥር 9ን ፈልጉ፤ ሳስ ከሆነ ሰዓቱ በሰዓትና በደቂቃ ለብቻው ይጻፋል።

እዚህ ላይ ጀማሪ የሚደናገርባት ነገር አለች። ሬይድ ካለ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያየው እውነተኞቹን ዲስኮች አይደለም፤ ኮንትሮለሩ (ሬይዱን የሚያስተዳድረው ካርድ) ያሳየውን አንድ ትልቅ ዲስክ ነው። የሱን ሞዴል መዝግባችሁ «ዲስኩን አጣራሁ» እንዳትሉ። ለሜጋሬይድ ቤተሰብ ኮንትሮለሮች ስማርትሲቲኤል ላይ የመሣሪያው ዓይነት «ሜጋሬይድ» ከዲስኩ ቁጥር ጋር ይሰጠዋል። ወይም የኮንትሮለሩን የራሱን መሣሪያ ተጠቀሙ። ለብሮድኮም ስቶርሲኤልአይ፣ ለዴል ፐርክሲኤልአይ፣ ለኤችፒኢ ኤስኤስኤሲኤልአይ።

ያገለገለ ሰርቨር ከገዛችሁ ደግሞ ዲስኩን ሳብ አድርጋችሁ ተለጣፊውን በዓይናችሁ አንብቡ። ሰርቨሩ ጠፍቶ ብቻ! አንዴ የዴል ካሬየር (ዲስኩ የሚታሰርበት መሳቢያ) ውስጥ ከስቶሬጅ ማሽን የተነቀለ ዲስክ ተገጥሞ አግኝቻለሁ። እንዲህ ያሉ ዲስኮች ሴክተራቸው (ዳታ የሚጻፍበት ትንሹ ክፍል) 520 ባይት ሊሆን ይችላል፣ ፈርምዌራቸውም የተለየ ነው። ባለቤቱ የማይታወቅ ዲስክ ላይ ፈርምዌር አይጫንም። ይቀየራል።

ፈርምዌሩን ከማን?

ከሰርቨሩ አምራች። ከዲስኩ አምራች አይደለም። ተለጣፊው ላይ ቶሺባ ወይም ሲጌት ቢልም፣ ዲስኩ በዴል ስም የመጣ ከሆነ ፈርምዌሩ የዴል ነው። ለገበያ የሚሸጠው ተመሳሳይ ዲስክ ፈርምዌር ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ ገብቶ ጣጣ ያመጣል።

ዴል በሰርቪስ ታጉ ያለ ክፍያ ያስወርዳል። የሊኑክስ ሰርቨር ቢሆንም በአይድራክ በኩል የምትጭኑ ከሆነ የዊንዶውሱን ፋይል ነው የምትወስዱት። ኤክስኢ ፋይል ስላያችሁ አትደንግጡ። ኤችፒኢ ሙሉውን የፕሮላያንት ሰርቪስ ፓክ (ለፕሮላያንት ሰርቨሮቹ የተጠቃለለ የአፕዴት ጥቅል) ለማውረድ ዋስትና ወይም የድጋፍ ውል ይጠይቃል። ፓኩ ብዙ ጊጋባይት ነው፤ በቢሮ ኢንተርኔት ቀን ላይ አትሞክሩት። ማታ ከፍታችሁ ሂዱ።

ሲወርድ የሻ256 ቁጥሩን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳይ መለያ) ከድረ ገጹ ጋር አመሳክሩ። መስመር ተቆራርጦ የወረደ ፋይል መጠኑ ልክ መስሎ ይዘቱ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። የልቀት ማስታወሻውንም እስከ መጨረሻው አንብቡ። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ የእናንተ ሞዴል ተጠቅሷል? ከዚህ በፊት መጫን ያለበት ሌላ ቨርዥን አለ? ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል? ብዙ የዲስክ ፈርምዌር ወደ ኋላ አይመለስም።

ጤናውን ማየት፣ ባክአፕ መውሰድ

የታመመ ሬይድ ላይ ፈርምዌር አይጫንም። ሁሉም ቨርቹዋል ዲስክ (ሬይዱ እንደ አንድ ዲስክ የሚያሳየው) «ኦፕቲማል» ወይም «ኦኬ» ማለት አለበት። ሪቢልድ (የተተካ ዲስክ ላይ ዳታውን መልሶ መሥራት) እየሄደ ከሆነ እስኪያልቅ ጠብቁ። ሊበላሽ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ የሚያሳይ ዲስክ ካለ እሱ ይቀየር፣ ሪቢልዱ ይለቅ፣ ከዚያ ወደዚህ ተመለሱ። ፓትሮል ሪድ (ኮንትሮለሩ በየጊዜው ዲስኮቹን የሚፈትሽበት ሥራ) እየሠራ ከሆነ አቁሙት። የኮንትሮለሩ ባትሪ ጤናም ይታይ፤ ካሹ (የኮንትሮለሩ ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ውስጥ ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈ ዳታ አለ።

ባክአፑ ሌላ ማሽን ላይ ይሁን። እዚያው ሰርቨር ላይ ያለ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም። ከዚያ አንድ ዳታቤዝ ሌላ ቦታ ሪስቶር አድርጋችሁ ክፈቱት። «ሰክሰስፉል» የሚል ኢሜይል በየማታው እየመጣ፣ ፋይሉ ሲከፈት ባዶ ሆኖ የተገኘበት ቤት አውቃለሁ። ለወራት።

መብራት

ፈርምዌር እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ ዲስኩ ላይነሣ ይችላል። ሌላው ስህተት ይታረማል፤ ይሄ ግን ዲስክ ያስከፍላል። እና እኛ የምንኖረው አዳማ ነው። ከከተማው ዳር ተራራው ላይ 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የንፋስ ተርባይኖች ሲሽከረከሩ እያየን፣ መብራት ይሄድብናል።

ዩፒኤሱን ከአንድ ቀን በፊት ፈትኑ። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ደቂቃ አትመኑ፤ ባትሪው ያረጀ ከሆነ ቁጥሩ ይዋሻል። ሰርቨሩን በሥርዓቱ አጥፉና በሱ ፋንታ ሌላ ጭነት ሰክታችሁ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ንቀሉ፣ ሰዓት ያዙ። የዩፒኤስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ኤሲ በሌለው የአዳማ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ከአምራቹ ተስፋ በጣም ቀድሞ ይደክማል። ሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው ሁለቱም የት እንደተሰኩ ገመዱን በእጃችሁ ተከትላችሁ እዩ።

ጄኔሬተሩ የራሱ ታሪክ አለው። አንድ ማታ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ጥበቃውን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ አለው?»

«አለው ልጄ።»

«ስንት?»

«አለው አልኩህ እኮ!»

አብረን ሄድን። ክዳኑን ከፍተው እንጨቷን ነከሯት፣ አወጧት፣ በባትሪ አበራሁባት። የረጠበው የጫፏ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው። ጋሼም አዩ፣ እኔም አየሁ፣ ማናችንም ምንም አላልንም። የዚያን ማታ ሥራ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ናፍጣ «አለ» ሲባል እንጨቷን ነው የምጠይቀው። ጄኔሬተሩ በራሱ የማይነሣ ከሆነ ደግሞ የሚያስነሣው ሰው እንዳይተኛ ተነጋገሩ፤ ቡና አፍሉላቸው።

«3 ሰዓት» ስንት ሰዓት ነው?

ይሄን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። «እሑድ ማታ 3 ሰዓት» ተባብለን ተለያየን። ቢሮ ተመልሼ አይድራክ ላይ ሥራውን ሳቅድ 03:00 ብዬ ሞላሁ። የማሽኑ ሰዓት ደግሞ ዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ የሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ላይ ነበር። 03:00 በዩቲሲ እኛ ጋ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ ከተባባልነው 15 ሰዓት ቀድሞ፣ እሑድ ጠዋት፣ ባክአፕ ሳይወሰድ ራሱን ሪስታርት አድርጎ አፕዴቱን ጀመረ። ደግነቱ በሰላም ተነሣ። እኔ ግን ስልኬ ላይ «ሰርቨሩ አይገኝም» የሚለውን መልእክት ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነበር።

የማታ 3 ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር 21:00 ነው፤ በዩቲሲ 18:00። ወረቀት ላይ ሦስቱንም ጎን ለጎን ጻፏቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሥራውን በቀጠሮ አለማስያዝ ነው። ቦታው ላይ ሆናችሁ በእጃችሁ አስጀምሩት።

ሥራው

ለአንድ ሰርቨር ሁለት ሰዓት ያዙ። ፈርምዌሩ የሚጻፈው በደቂቃዎች ነው፤ ጊዜ የሚበላው ሪስታርቱና ማጣራቱ ነው። ከአንድ በላይ ሰርቨር ካለ፣ ቢጠፋ ሰው የማይጮህበትን አስቀድሙ። አንድ ሳምንት ሥሩበት፤ ከዚያ ወደ ዋናው።

ተጠቃሚዎቹን አስወጡ። ዳታቤዙን በሥርዓቱ አቁሙ። ቨርቹዋል ማሽኖች ካሉ አንድ በአንድ ዝጉ። ዲስኮቹ ላይ የሚጽፍ ምንም ነገር መኖር የለበትም። አምራቹ «እየሠራ ሳለ መጫን ይቻላል» ቢልም እኔ ሲቆም እመርጣለሁ።

ዴል ላይ፣ ሲነሣ ኤፍ10 ተጫኑና ላይፍሳይክል ኮንትሮለር ውስጥ ግቡ። የፈርምዌር አፕዴት የሚለውን መርጣችሁ ፋይሉን ከፍላሹ ስጡት። የሚያቀርብላችሁን ዝርዝር ተረጋግታችሁ እዩ። ከምትፈልጉት ዲስክ ሌላ ባዮስም ኔትወርክ ካርድም ተመርጦ ካገኛችሁ ምልክቱን አንሡ። በአንድ ማታ አንድ ነገር ብቻ። ነገ ችግር ቢመጣ ጥፋተኛውን ማወቅ አለባችሁ።

ኤችፒኢ ላይ፣ ሰርቪስ ፓኩን በፍላሽ አዘጋጅታችሁ በኤፍ11 ከሱ አስነሡ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ንቁ ሁኑ። «አውቶማቲክ» እና «ኢንተራክቲቭ» የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ዝም ብላችሁ ካያችሁት ራሱ አውቶማቲኩን ይጀምርና ያገኘውን ሁሉ አፕዴት ያደርጋል። ኢንተራክቲቩን ምረጡ፤ ከዚያ የዲስኩን ፈርምዌር ብቻ።

እነዚህ መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሞዴል ዲስኮችን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚያድሱት። አንድ በአንድ መሄድ ከፈለጋችሁና ኮንትሮለሩ ከፈቀደ ስቶርሲኤልአይ የአንድን ዲስክ ቀዳዳ ቁጥር ሰጥታችሁ በ«ዳውንሎድ» ትእዛዝ ፋይሉን እንድትጭኑበት ያደርጋል። ሆት ስፔር (ሌላው ሲሞት ለመተካት ተሰክቶ የሚጠብቅ ዲስክ) ካለ ከሱ ጀምሩ። ዳታ የለበትም። እሱ በሰላም ከተነሣ ወደሌሎቹ፣ በየመሃሉ ሬይዱ ኦፕቲማል መሆኑን እያያችሁ።

ኤንቪኤምኢ ዲስክ (ከሳታና ከሳስ የተለየ ፈጣን ማገናኛ ያለው ኤስኤስዲ) ለየት ይላል። ከ1 እስከ 7 የሚደርሱ የፈርምዌር ማስቀመጫ ቦታዎች ሊኖሩት ይችላሉ። አዲሱ በአንዱ ይቀመጣል፣ ቦታው ከአንድ በላይ ከሆነ አሮጌው በሌላው ይቆያል፣ ሪሴት ሲደረግ አዲሱ ይነሣል። ስለዚህ መጫንና ሥራ ማስጀመር ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው፤ ሁለተኛውን ረስቶ «ጫንኩ» የሚል ሰው ብዙ ነው።

አሁን ከባዱ ሰዓት። ፐርሰንቱ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ማራገቢያዎቹ እንደ አውሮፕላን ይጮኻሉ። የዲስኮቹ መብራት ወይ ይጠፋል ወይ እንግዳ ነገር ያሳያል። እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ያቺን የፓወር ቁልፍ መጫን ነው ዲስኩን የሚገድለው። እኔ በዚህ ሰዓት ክፍሉን ለቅቄ ወጥቼ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ሰርቨሩን የምጠብቀው ከራሴ እጅ ነው።

ከተጫነ በኋላ

ሪስታርት ብቻውን አይበቃም። አንዳንድ ዲስክ አዲሱን ፈርምዌር የሚያነሣው መብራት ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥበት ነው። ሰርቨሩን አጥፉ፣ ሁለቱንም የፓወር ገመድ ንቀሉ፣ ግማሽ ደቂቃ ቆዩ፣ መልሳችሁ ሰኩ።

ከዚያ ወደ ኤክሴሉ። የእያንዳንዱን ዲስክ ቨርዥን እንደገና አንብባችሁ በአዲስ ዓምድ ጻፉ። ስምንት ዲስክ ካለ ስምንት ቁጥር። «ሰባቱ ተቀይረዋል፣ አንዱ ግን...» የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚታየው እዚህ ነው። ሎጉን አንብቡ። ፓትሮል ሪዱን መልሱ። ኮንሲስተንሲ ቼክ (የሬይዱ ዳታ እርስ በርሱ መጣጣሙን የሚያይ ፍተሻ) አስጀምሩና ሌሊቱን ይሥራ። ጠዋት ተጠቃሚ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ሲስተሙን ከፍቶ አንድ ደረሰኝ ያውጣ።

ዲስክ ቢጠፋ

አንድ ዲስክ ከዝርዝሩ ውስጥ ከጠፋ መጀመሪያ አትንቀሉት። መብራት ቆርጣችሁ እንደገና አስነሡ፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሲመለስ ኮንትሮለሩ «ፎሪን» (ከሌላ ቦታ የመጣ ዲስክ) የሚል መልእክት ሊያሳይ ይችላል። ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል፦ ኢምፖርት ወይም ክሊር። ክሊር የሬይዱን መረጃ ከዲስኩ ላይ ይደመስሳል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ዓይን እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው፣ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ናቸው። ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ ተጫኑ።

አንድ ዲስክ ብቻ በእውነት ከሞተ በስፔር ተክታችሁ ሪቢልድ ይሥራ፤ እስኪያልቅ ሌላ ነገር አይነካ። ሬይድ 5 ላይ ሁለት ከሄደ ግን ቁሙ። ኢኒሺያላይዝ አትበሉ፣ ዲስኮችን ቦታ አታቀያይሩ። ሰርቨሩን አጥፉትና ባክአፑን አምጡ።

የቁም ሳጥኑ ዲስክ

አንድ ነገር ቀርቷል። ቁም ሳጥን ውስጥ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ የተቀመጠው ስፔር አሮጌውን ፈርምዌር እንደያዘ ነው። በዋስትና ተተክቶ የሚመጣውም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ያወረዳችሁትን ፋይል በሰርቪስ ታጉ ስም ፎልደር ከፍታችሁ አስቀምጡት፤ ሳጥኑ ላይ በማርከር «ሲገጠም ፈርምዌር ይጫን» ብላችሁ ጻፉበት፤ የጫናችሁትን ቨርዥንና ቀኑንም ከታቹ። ያን ዲስክ የሚያወጣው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።